ፓምፑ ደህና ነው

ባንስካ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ማቼክ፣

«እንዴት ነህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶታል። እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከእማማ ጎን ነህ፣ በረዶው እላይህ ላይ ጉልበቴ ድረስ ተቆልሏል። ትናንት ጠርጌልህ ነበር። ዛሬ ተመልሶ ሞላው።

ተናድጄብሃለሁ፣ ወንድሜ። ሙት አይወቀስም ስለሚባል ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን ስትወቀስ ዝም የምትል ሰው አልነበርክም፤ መልስህንም ከወዲሁ እሰማዋለሁ፦ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ አፍንጫህን ጥረግ።» ጠርጌያለሁ። አሁን ስማኝ።

የማድረው የክርስትና እናቴ ሃንካ ቤት ነው። ሃንካ በቀን አራት ጊዜ ታበላኛለች፤ ስታበላኝ ደግሞ ፊቴን አታይም። ቤታችን ተቆልፏል። ከቀብርህ በኋላ እኔና የሃንካ ባል ምድር ቤት ካለው የውሃ ማሞቂያ ምድጃም ከራዲያተሮቹም ውሃውን አፍስሰን ጨረስን። እሳት በሌለበት ቤት ውሃ በረዶ ሆኖ ብረት እንደሚሰነጥቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ትኩሱን ውሃ ወደ ራዲያተሮቹ የሚገፋው ፓምፕ ባዶውን ተቀምጧል። ይደርቅና ይጣበቃል። በየዓመቱ ማሞቅ ከመጀመራችን በፊት አፍንጫው ላይ ያለችውን የናስ ቡሎን በካቻቢቴ ትፈታና ውስጡን በቀስታ ታዞረው ነበር። «ብዙ ወር የተኛን ፓምፕ በአንድ ጊዜ አትቀሰቅሰውም፤ ጠጥቶ እንዳደረ ሰው ቀስ አድርገህ ነው» ትል ነበር።

ከቺካጎ ደብዳቤ መጣ። አጎቴ ሉድቪክ ለአንተ ሳይሆን ለእኔ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው። እሱ የሚልከውን እዚህ አስቀምጥልሃለሁ፤ እኔ የምመልስለትንም እየገለበጥኩ። በዚህ ቤት ጉዳይ አንተ ሳትሰማው የሚያልፍ ነገር እንዳይኖር።

*

ቺካጎ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1997

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን።

ውድ የወንድሜ ልጅ ሺሜክ፣

ይህ ደብዳቤ በእግዚአብሔር ጥበቃ ሥር ሆነህ ያግኝህ። እኔም አክስትህ ዞሽካም በሕይወት አለን። እዚያ ሥራዬን የሚያስፈጽምልኝ ብሮኔክ ደውሎ የማቼክን ሞት ከነገረን ወዲህ አክስትህ እህል በአፏ አልዞረም። እዚህ ባለው በእኛ ተራራ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ለነፍሱ ቅዳሴ አስቀድሰናል። ሰው ሞልቶ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ቫዮሊን ተመታ፣ ሁሉም አለቀሰ። ለቀብሩ መምጣት አልቻልኩም። በበዓል ሰሞን የአውሮፕላን ቦታ አይገኝም፣ ጉልበቴም ታውቀዋለህ። ስታድግ ይገባሃል።

እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ። ማልቀስ ተገቢ ነው። ቤት ግን በእንባ አይሞቅም። ስለዚህ ቶሎ ጻፍልኝ፦ ውሃው ፈሷል ወይ? ፓምፑስ ደህና ነው? ብሮኔክ ስለ ፓምፑ ምንም አላለኝም። ከጀርመን የመጣ ዕቃ ነው፤ የፈላ ውሃ ከገባበት ጎማው ይበላሻል፣ መለዋወጫውም እዚያ አይገኝም። በክረምቱ ዕረፍት ለሚመጡት እንግዶች ክፍሎቹን አከራይቻለሁ፤ ቃሌን ማጠፍ አልችልም።

ጸሎትህን አትተው። በትምህርትህ በርታ። የአባትህ ስም አሁን በአንተ ላይ ብቻ ነው።

አጎትህ ሉድቪክ

*

ባንስካ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1997

ለዘላለም ይመስገን።

የተከበሩ አጎቴ ሉድቪክ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎም ለአክስቴ ዞሽካም ይድረስ። ስለ ቅዳሴው እግዚአብሔር ይስጥልን።

ፓምፑ ደህና ነው።

የጠየቁኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ መለስኩ። የፈላ ውሃ አልገባበትም፣ ጎማውም አልተነካም። አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ።

ዲሴምበር 29 ቀን፣ ከገና በኋላ ባለው እሑድ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሃልኒ ይነፍስ ነበር። ሃልኒ ከተራራው ሲወርድ ሰው እንዴት እንደሚሆን አልረሱትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ባርኔጣ ተጣሉ። አያቴ በሃልኒ ቀን ምድጃ ላይ ከሰል አይጨመርም ይል ነበር፣ ነፋሱ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ስለሚገባ። ማቼክም አልጨመረም። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት የዋርሶ እንግዶች ወጥ ቤት ድረስ ወረዱ።

«ጌታው፣ ራዲያተሩ ለብ ብቻ ነው ያለው እኮ።»

«ሃልኒ ነው ጌታዬ። እስከ ማታ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ያኔ አነድዳለሁ» አለ ማቼክ።

«እኛ የያዝነው ሞቃት ክፍል ነው፤ ስለ ነፋስ ትምህርት አይደለም» አለ ሰውየው። ሚስቱ ሳቀች።

ማቼክም ሳቀ። ከዚያ ወርዶ ጨመረ፣ ምክንያቱም እንግዳ «እምቢ» እንዳይባል እርስዎ በበጋ ነግረውታል። እኔን የሃንካ ጣሪያ ቆርቆሮ ሊነሳ ነው፣ ሄደህ አግዛት ብሎ ላከኝ። ጣሪያው ላይ ሆነን የጥድ ዛፍ የመብራት መስመሩ ላይ ሲወድቅ አየን። መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ምድጃው ውስጥ ቆሞ ይፈላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። አያቴ የዘረጋው ወፍራም የብረት ቱቦ ነበረ፣ መሃሉ ላይ ክዳን ያለው። ፓምፑ ሲሠራ ክዳኑ ይዘጋል፤ ፓምፑ ሲቆም ክዳኑ በራሱ ይከፈትና ትኩሱ ውሃ ያለ ማንም እርዳታ ወደ ላይ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ እኛ ቁጭ ብለን ካርታ እንጫወት ነበር። ባለፈው በጋ መጥተው ምድር ቤቱን የእንግዶች የበረዶ መንሸራተቻ ማስቀመጫ ለማድረግ ሲያስቡ፣ «ይሄ ምንድን ነው፣ ባቡር ነው እንዴ» ብለው ቱቦውን አስቆረጡት። በቦታው የጣት ያህል ቀጭን ቱቦ ገባ፣ ፓምፑም እሱ ላይ። ምድጃውንም በጂፕሰም ግድግዳ አጥረው ቁም ሳጥን የሚያህል ክፍል ውስጥ ከተቱት፤ መስኮቱ በእንግዶች በኩል ቀረ።

ማቼክ ጠይቆዎታል። መብራት ይዤ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር።

«አጎቴ፣ መብራት ሲጠፋስ?»

«ባትሪ እልክልሃለሁ፣ በቺካጎ የሌለ ነገር የለም። እስከዚያ መብራት ከጠፋ ሮጠህ ፍሙን አውጣና ፓምፑን አድን። በሩን ደግሞ ከኋላህ ዝጋ፤ እንግዳ የከሰል ሽታ ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም።»

ሁሉንም አድርጓል። ሮጧል፣ ፍሙን በመጫሪያ አውጥቶ በባልዲ ሞልቷል፣ በሩንም ከኋላው ዘግቷል። ነፋሱ በጭስ ማውጫው ወረደ። የፍም መርዝ አይታይም፣ አይሸትም።

ከሃንካ ቤት ስመለስ እንግዶቹ ወጥ ቤታችን ውስጥ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «ወንድምህ ታች ወርዶ ቀረ እኮ፤ ሻይ የሚያፈላልን ሰው የለም?» አለኝ። ወረድኩ። ባልዲዎቹ በግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል፣ እጀታቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ ሲሠራ እንዲህ ነው። እሱ በሩ ሥር ወድቆ ነበር፣ እጁ ወደ መያዣው ተዘርግቶ። ፓምፑን ነካሁት። ለብ ብሎ ነበር። ድኗል።

ሁላችሁም ባለፈው ዓመት በሙሉ የምታወሩት ፓምፑን ስለ ማዳን ነበር። አንዳችሁም ማቼክን ስለ ማዳን ስታወሩ አልሰማሁም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። በዚያ ምድጃ ማንም እሳት ከማንደዱ በፊት ወፍራሙ ቱቦ ይመለስ፣ ጂፕሰሙም ይፍረስ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የወንድምዎ ልጅ ሺሜክ

*

ቺካጎ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን።

ሺሜክ፣

ደብዳቤህን አክስትህ ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። መሃል ላይ አቁማ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች። የቀረውን ለብቻዬ አነበብኩ።

ሐዘንተኛ ነህና አልፌዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ነፋስ አላዘዝኩም፤ ዛፍም መስመር ላይ አልጣልኩም። ማቼክ ጎልማሳ ነበር፤ ጭስ ሲሰማው በር መክፈት ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም። በእኔ ዕድሜ በዚያ ምድር ቤት ስንት ጊዜ ፍም አውጥቼበታለሁ፤ ይኸው አለሁ። ባትሪውንም ቃል እንደገባሁት ልኬያለሁ። ከኦክቶበር ጀምሮ በመርከብ ላይ ነው። መርከብ ቢዘገይ የእኔ ጥፋት ነው?

አሁን የምጽፍልህን በጥሞና አንብብ። ለብቻህ በዚያ ቤት መኖር አትችልም። ኖቪ ታርግ በትምህርት ቤትህ አጠገብ ያለው አዳሪ ቤት ገብተህ ትምህርትህን ትጨርሳለህ፤ አሳዳጊህን ለሚወስነው ፍርድ ቤትም ይህንኑ እጽፋለሁ። ምድጃውን ብሮኔክ ያነደዋል፣ እንግዶቹንም እሱ ይቀበላቸዋል። ስለ ቱቦው ሌላ ቃል መስማት አልፈልግም። ያ ቱቦ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ አልቋል።

የቤቱ ግማሽ የእኔ ነው። ጣሪያውን ማን እንዳለበሰው አትርሳ።

ሉድቪክ

*

ባንስካ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1997

ማቼክ፣

ዛሬ ብሮኔክ ከሰል ጭኖ መጣ። እንግዶች ነገ ይገባሉ አለ። ምድር ቤት ወረደ፣ ወዲያው እንደ ጥይት ተመልሶ ወጣ። እኔ የሃንካን ደጅ በረዶ እጠርግ ነበር።

«አንተ ጉድ! ፍርግርጉ የታል?»

«የቱ ፍርግርግ?»

«የምድጃው ነዋ! እሳቱን በምን ላይ ላንድድ፣ በጉልበቴ ላይ?»

«ጉልበትህ ወፍራም ነው። ይችለዋል።»

አካፋዬን ነጠቀኝ። ሃንካ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች።

«ብሮኔክ፣ ልጁን ተወው።»

«ይሄ ልጅ ፍርግርግ ሰርቋል!»

«ከማን?»

«ከቤቱ ነዋ።»

«ሰው ከገዛ ቤቱ ይሰርቃል እንዴ?»

«ቤቱ የሉድቪክም ነው!»

«እንግዲያው የሉድቪክን ግማሽ ፍርግርግ ለይተህ ውሰድና እሱ ላይ አንድድ» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አንተ፣ ያንን ጂፕሰም ያቆምክ ሰው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ገብተህ በሩን ዘግተህ ፍም ልታወጣ ነው? በል እስቲ ግባ። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ብሮኔክ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው። ከሰሉን ሳያራግፍ ሄደ። እንግዶቹን ታች መንደር ወዳለችው እህቱ ቤት ሊወስዳቸው ነው ተባለ።

ፍርግርጉ ትምህርት ቤት የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከባድነቱ! አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ፣ «በቦርሳህ ምን ይዘሃል፣ ጥናት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

*

ባንስካ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1997

ሉድቪክ፣

ሳጥንህ ደረሰ። ዕቃ የሚያደርሰው ሰው ሃንካ ደጅ ቆሞ ስም አነበበ። የማቼክን ስም።

«አንተ ነህ?»

«ወንድሜ ነው።»

«እሱ ይፈርም።»

«አይችልም።»

«ሥራ ላይ ከሆነ ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

ሃንካ ነገረችው። ሰውየው ይቅርታ እያለ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ እኔም በራሴ ስም ፈረምኩ። የእሱን ስም ለአንተ ዕቃ ብዬ አልፈርምም።

ከፈትነው። ያማረ ዕቃ ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከነመያዣው። በጀርባው ቆርቆሮ ላይ መቶ ሃያ ቮልት ይላል። እዚህ ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ ሉድቪክ። አንተ ስትወለድም ሁለት መቶ ሃያ ነበር፣ ስትሄድም ሁለት መቶ ሃያ ነበር። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ትምህርት ቤት ወስጄ በመለኪያ ለካሁት። መሳሳት ፈልጌ ነበር። አልተሳሳትኩም። መርከቡ በጊዜ ቢደርስ፣ ገና ከመግባቱ በፊት ቢደርስ፣ ማቼክ ይህን ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ሊዞር አቅቶት ያጓራ ነበር፤ እሱም መልሶ ሮጦ ይወርድ ነበር። «ባትሪው ይመጣል» እያለ የጠበቀው ይህን ነው። በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየሄደ የጠየቀው ይህን ነው።

ብሮኔክ ትራንስፎርመር ይገዛለታል አለ። ለማቼክም ይግዛለት።

አሁን ስለ ቱቦው ልንገርህ። አልተሸጠም። ማቼክ ለቁርጥራጭ ብረት ስጥ ስትለው «እሺ አጎቴ» አለህ፤ አልሰጠም። የበጎቹ በረት አጥር ላይ አግድም አስሮታል፣ በረዶውን ስጠርግ አገኘሁት። ክዳኑ በቅባት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከእማማ የስፌት መኪና ሥር ነበር። አየህ፣ እሱ አንተን አላመነህም። ያዘዝከውን ሁሉ ግን አደረገ፤ ትልቅ ሰው ስለሆንክ። እኔ የምናደድበት ይሄው ነው። በእሱም በአንተም።

አዳሪ ቤት አልገባም። ለፍርድ ቤቱ የምትጽፈውን ጻፍ። ቱቦውን እመልሰዋለሁ፣ ብትፈቅድም ባትፈቅድም። የፍርግርጉን ቦታ ለማንም አልናገርም።

ሺሜክ

*

ቺካጎ፣ ማርች 9 ቀን 1997

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። አንተ ሰላምታውን ትተኸዋል፤ እኔ አልተውም።

ሺሜክ፣

«አንተ» ብለኸኛል። አባትህ ቢኖር ጥርስህን ያረግፍልህ ነበር። አንተን ከጨረሰ በኋላ የእኔን።

ያንን ቱቦ ከኖቪ ታርግ ባቡር ጣቢያ እስከ ቤት ድረስ በትከሻችን የተሸከምነው እኔና አባትህ ነን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አያትህ ከጎን ከጎን እየሄደ ይሰድበን ነበር። «አታወዛውዙት፣ ቱቦ ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም» ይል ነበር። ትከሻዬ ላይ ጠባሳው አለ። በበጋ ስመጣ ያስቆረጥኩት ይህንኑ ነው። አስታውሼ ነው ያስቆረጥኩት፣ ረስቼ አይደለም። ከዚህ በላይ ስለዚህ አልጽፍም።

ስትበይደው እንዲህ አድርግ። ከምድጃው ወደ ላይ ሲወጣ አንድም ቦታ ቁልቁል አይበል፤ የጣት ውፍረት እንኳ ካዘነበለ አየር ይይዝና ውሃው አይሄድም። ክዳኑ ላይ የተቀረጸ ቀስት አለ፣ ወደ ላይ ይሁን። ፓምፑን መሃል ላይ አታስገባው፤ በጎን በኩል ቀጭን ቱቦ አውጣለት፣ ከፊቱም የዝገት ማጥለያውን። ስትጨርስ እሳት አንድደህ ራስህ መብራቱን አጥፋና ሞክረው። ነፋስ እስኪያጠፋልህ አትጠብቅ። ጂፕሰሙን አፍርሰው። በሩን ከነማጠፊያው ንቀለውና አቃጥለው።

ለፍርድ ቤቱ የምትፈልገውን ጽፌ ፈርሜ ልኬያለሁ። ሃንካ በየቀኑ እንድታይህ ጠይቄያለሁ፤ ለእሷም ለብቻዋ ጽፌያለሁ። ብሮኔክ እዚያ ደጅ አይደርስም፤ እንግዳም አይመጣም።

አክስትህ ከእህቷ ዘንድ ናት። ሰላም ብላሃለች ብዬ እንድጽፍ የላከችው ነገር የለም።

ስለ ፓምፑ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

ሉድቪክ

*

ባንስካ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1997

ማቼክ፣

ለሉድቪክ አልመለስኩለትም። ደብዳቤው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ። ክዳኑን ስገጥም ግን ቀስቱ ወደ ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ እሱ ብሎኛልና።

ቱቦውን ከበረቱ አጥር ያወረድነው እኔና የክፍል ጓደኛዬ ፍራኔክ ነን። ፍራኔክ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በጎቹ አጥራቸው ሲሄድ አይተው አብረውን መጡ። የፍራኔክ አባት የብየዳ ማሽኑን አዋሰን፤ ብየዳው አስቀያሚ ነው፣ ብታየው ትስቅ ነበር። «ይህን የበየደው ዶሮ ነው?» ትል ነበር። ውሃ ሞልተን አየነው፤ አይፈስም ግን። ጂፕሰሙን በመዶሻ አፈረስኩት፤ አንድ ቀን ሙሉ ነው የፈጀሁት፣ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር። ፍራኔክ መጀመሪያ ሊያግዘኝ መዶሻ አንስቶ ነበር። አየኝና መልሶ አስቀመጠው።

ትናንት ሃንካ አልጋዬን አነጠፈችልኝ፣ ዳቦና የበግ አይብ ትታልኝ ሄደች። ደጁ ላይ ቆማ፣ «ከፈራህ መብራት አብራ፣ ከቤቴ ይታየኛል» አለች። አልፈራም አልኳት። እሷም፣ «እንግዲያው እኔ ስፈራ አብራልኝ» አለች።

ዛሬ ጠዋት ትንፋሼ እየታየኝ ነቃሁ። ውጭ እንደገና በረዶ ጥሏል። ከአልጋዬ ሆኜ «ማቼክ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ተነሳሁ፣ ካፖርትህን ከፒጃማዬ ላይ ደረብኩና ወረድኩ።

መጀመሪያ መስኮቱን ከፈትኩ። ፍርግርጉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቦታው አስገባሁት። ከዚያ ቢጫ እጀታ ያለውን ካቻቢቴህን ይዤ ፓምፑ ፊት ተንበረከክሁ። ስንት ጊዜ በመዶሻ ልመታው አስቤ እንደነበር አልነግርህም። የናሷን ቡሎን ፈታሁ፤ ትንሽ ውሃ ወረደ። ካቻቢቴውን አስገብቼ ላዞረው ብሞክር አልነቃነቅ አለ። ሰደብኩት። አንተን የሰደብኩበትን፣ ሉድቪክን የሰደብኩበትን ሁሉ ሰደብኩት። አሁንም አልዞረም። ከዚያ እንደምታደርገው፣ በቀስታ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ተነቃነቀ። ሙሉ ዙር ዞረ። ሶኬቱን ሰካሁት፣ መሥራት ጀመረ።

እሳቱን ያቀጣጠልኩት በበሩ ነው። ፈልጬው ነበር። ቀለሙ ሸተተ፤ ይሽተት። ከሰል ጨመርኩበት፣ ከምድጃው የሚወጣው ቱቦ ለእጅ እስኪያስቸግር ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ፓምፑ ቆመ። ዝም አለ። ከክዳኑ በላይ ባለው ወፍራም ቱቦ ላይ መዳፌን ለጠፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እሳቱ ይጮሃል፣ ብረቱ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ፍሙን ላወጣ መጫሪያው ወዴት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ። ያኔ ቱቦው ውስጥ ክዳኑ ቀጭ አለ። መዳፌ ሥር ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ ለብ አለ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ አንጓዬ ድረስ፣ ክርኔ ድረስ። ማንም አልገፋውም። ላይ ቤት የእማማ ክፍል ራዲያተር ሲሞቅ እንደ ድሮው ኳ ኳ አለ።

እጄን እስኪያቃጥለኝ አላነሳሁም። ከዚያ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፣ መስኮቱን እንደ ተከፈተ ተውኩት፣ ወጥ ቤት ወጥቼ ሃንካ እንድታየው መብራቱን አበራሁ። ልብሴን ለብሼ፣ ዳቦውን በኪሴ ከትቼ ለአውቶቡሱ ሮጥኩ።